ይሰማል፣ ጠብቆም ላልቶም

ሬዲዮ "ሞተሃል" ያለው ሰውዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ጋቢ ለብሷል፤ ዱላ ይዟል። ዘበኛው አላስገባም ብሎት ሁለቱ ተፋጠዋል።

"ማንን ልጥራ?" አልኩት።

"በሬዲዮ የቀበረኝን ሰውዬ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃምሳ ደቂቃ በፊት የጠዋት ዝግጅት አንባቢያችን ጋሼ የሐዘን ማስታወቂያ አንብበዋል። ቤተሰቡ ማታ ያመጣው ወረቀት "የአቶ እከሌ ወላጅ አባት አቶ እከሌ" ብሎ ይጀምራል። ከሌላ ወረቀት ጋር በስቴፕለር ሲያያዝ ግን ጫፉ ታጠፈና "ወላጅ አባት" የምትለዋ ከነሟቹ ስም እጥፋቱ ውስጥ ገባች። ጋሼ የታያቸውን አነበቡ። አባቱን ሊቀብር ድንኳን እያስተከለ የነበረው ልጅ በአንድ አፍታ ራሱ ሟች ሆነ። ዘመድ ከየአቅጣጫው የእሱን ስም እየጠራ፣ እያለቀሰ መጣ። ከአዘዞ በባጃጅ የመጣች አክስቱ በር ላይ ቆሞ ስታየው ራሷን ሳተች።

ጋሼን ጠራኋቸው። ሙዚቃ አስገብቼ ነበር፤ አምስት ደቂቃ አለን። ወጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው የሰውዬውን ጉልበት ሊይዙ ሲሉ ሰውዬው ቀድሞ ክንዳቸውን ያዘ። ትንሽ ትክ ብሎ አያቸው።

"እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለ። "እኔ ደግሞ ረጅም ሰው ይመስሉኝ ነበር።"

በዚህ ሳቁ። በለቅሶ ቀን፣ በጠዋቱ፣ በር ላይ። ከዚያ ጋሼ እጁን ይዘው ስቱዲዮ አስገቡት። ዘፈኑ ሲያልቅ ማይኩን ወደሱ አዞሩለት። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ "እኔ አለሁ" አለ። "የሞተው አባቴ ነው። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ለኔ ያለቀሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ለሱ አልቅሱ።"

ያን ቀን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። አራት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ ነው። ለምን እንደቀዳሁት አላውቅም፤ እጄ ቀደመ። የዚህ ቅጂ ነገር ኋላ ይመጣል።

ስማቸውን አልጽፍም። ጎንደር የኖረ ሰው ድምፃቸውን ካስታወሰ ያውቃቸዋል፤ ያልኖረ ቢያውቅ ምንም አይጠቅመው። እሳቸውም ቢጠየቁ እምቢ ይላሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጥኩ ቴክኒሻን ነበርኩ። እሳቸው ማይክ ፊት፣ እኔ ሚክሰሩ ላይ። ሰው በሬዲዮ የሚያውቃቸው በጆሮው ነው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓይኔ ነው የማውቃቸው፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ፣ እጃቸው ሲነሳ፣ መነጽራቸው በላብ ሲንሸራተት።

ከመንጋቱ በፊት አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ይደርሳሉ። በእግራቸው ነው የሚመጡት። በክረምት ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ባትሪያቸውን በኪሳቸው አድርገው። ዝንጅብልና ጤና አዳም ያለበት ሻይ በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ በጭራሽ አይጠጡም። ከዚያ ድምፅ ማፍታታት። ሌላው ጋዜጠኛ "አሎ፣ አሎ፣ አንድ ሁለት" ሲል እሳቸው ፊደል ይቆጥራሉ። ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያሉ በዚያ በቄስ ትምህርት ቤት ዜማ። "ጰ" ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። ማይክ ጰን አይወድም። በተለይ "ጳጳስ" የሚል ቃል ያለበት ዜና ሲመጣ የድምፅ መለኪያዬ ሁለት ጊዜ ቀይ ይረግጣል። እሳቸው ግን አንድ ስንዝር ርቀት ጠብቀው፣ አንገታቸውን ትንሽ ሰበር አድርገው ያሳልፉታል። ማንም አላስተማራቸውም።

የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ በፊት ገጠር ነው ያደጉት፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ። አባታቸው ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትራንዚስተር ነበራቸው። ማታ ማታ መካከለኛ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ፀሐይ ስትገባ ሞገዱ ከላይኛው አየር እየነጠረ ይመለሳል። የአዲስ አበባውን ሲፈልጉ አንዳንዴ የሱዳን ይገባባቸው ነበር። አረብኛ አያውቁም፤ ያዳምጡ ነበር። "ቋንቋውን ሳታውቀው ነው ድምፅ ምን እንደሆነ የሚገባህ" ይሉኝ ነበር። ይቺን ብዙ ጊዜ ስላሏት ሰልችታኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትናፍቀኛለች።

የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ሲሰሙ በግ ጠፍቶባቸው ተገርፈዋል። በ1980 ዓ.ም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ፣ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰሙት አራዳ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ደጃፍ ላይ፣ መሐል መንገድ ከቆመ ሕዝብ ጋር ነው። ኳስ አይወዱም። የዚያን ቀን ግን ማያውቁት ሰው ላይ ተጠምጥመው አልቅሰዋል። "ያስለቀሰኝ ጎሉ አይደለም፤ ሰውዬው ነው" ይላሉ።

አስተማሪ ሳሉ በሰልፍ ሰዓት ማስታወቂያ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ባንዲራ ወጥቶ ሲያበቃ የክፍያውን፣ የፈተናውን፣ የጠፋ ደብተሩን ነገር። ተማሪ ሰልፍ ላይ ዝም የሚለው እሳቸው ሲያነቡ ብቻ ነው ይባል ነበር። ኤፍ ኤም ወደ ክፍለ ሀገር ሲወርድ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው ኑ ሞክሩ ያላቸው።

ያ ወቅት በራሱ ነገር አለው። አዲስ አበባ ኤፍ ኤም 97.1ን በ1992 ዓ.ም፣ ሸገር 102.1ን ደግሞ በ2000 ዓ.ም ጀመረች። በነዚያ ዓመታት የሬዲዮ አነጋገር ተቀየረ። ድሮ አንባቢው ከላይ ነበር የሚናገረው፤ ክራቫት ያሰረ ድምፅ ነው። ኤፍ ኤም ሲመጣ ጎረቤት ሆነ፤ ሳቀ፣ አዛጋ፣ "እሺ የኔ ቆንጆ" አለ። ጋሼ ከሁለቱ መሐል ናቸው። ክራቫት የለም፤ ነጠላ ግን አለ። አዝማሪ ቤት እንደሚያወሩ አያወሩም፤ ቤተ መንግሥት እንደቆሙም አያነቡም። ልክ እንደ አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ ቡና ላይ።

አሁን ስለ ነጥቦቹ ልንገራችሁ፤ የሰውዬው ሙያ ያለው እዚያ ነው።

አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። "ገና" ብለህ ትጽፋለህ፤ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" ይሁን አንባቢ ይወቀው። "ሰፊ" ትላለህ፤ ሜዳው ሰፊ ነው ወይስ ልብስ ሰፊ? "ይመታል" ትላለህ፤ መቺ ነው ተመቺ? ለራስህ ስታነብ ችግር የለም፤ ዓይንህ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክላል። ማይክ ፊት ግን ተመልሶ የሚያስተካክል ዓይን የለም። አንዴ ከአፍ ከወጣ ደምቢያ ደርሷል። አንድ ወጣት አንባቢያችን የአንድን መሥሪያ ቤት "ዋና ኃላፊ" ዋናውን አላልቶ አነበበው። ሰውዬው በአንድ ጠዋት የመዋኛ ኃላፊ ሆነ። ጎንደር ደግሞ የፋሲል መዋኛ አለና ከተማው ሳምንት ሙሉ አልማረውም። "ጥምቀት ደረሰ፣ ውኃውን አስሞልተሃል ወይ?" እየተባለ ተፎገረ።

ጋሼ ስክሪፕታቸውን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት እስክሪብቶ አውጥቶ መነጠብ ነው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ። የድሮ ሰው ያውቀዋል። ገጹ ሲያልቅ ጠቃጠቆ የያዘው ፊት ይመስላል። በሰያፍ ሰረዝ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ያመለክታሉ። ከዚያ የሞተው ሰውዬ ቀን ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ። ስቴፕለር የተመታበት ወረቀት ከመጣ ሽቦውን በጥፍራቸው ነቅለው አመድ መተርኮሻው ውስጥ ይጥላሉ። ሲጋራ አያጨሱም፤ መተርኮሻው የሽቦ መቃብር ነበር።

አንድ ጊዜ ጉሮሯቸው ተዘጋ። ሙሉ በሙሉ። ሌላ ሰው አልነበረምና እኔ ላንብብ ተባለ። ቦታ ተለዋወጥን። እኔ ማይክ ፊት፣ እሳቸው ከመስታወቱ ማዶ። ነጥብ አድርገውልኛል፤ ግን ፈርቼ ነጥቡን ማየት አልቻልኩም። ቀና ስል እሳቸው ሁለት ጣታቸውን አንስተዋል። አጥብቅ ማለት ነው። መዳፋቸውን ወደታች ዘርግተው ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ፣ አላላው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ መዘምራን መሪ ከመስታወቱ ጀርባ እጃቸውን እያነሱና እየጣሉ አስነበቡኝ። ስወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። በሹክሹክታ "አንድ ብቻ አመለጠችህ" አሉኝ። "ይሰማልን አላላሃት።"

ጽሑፉ የሚለው "የሚያለቅሰው ሕፃን ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል" ነበር። እኔ ያነበብኩት ሕፃኑ ራሱ እንደሚያዳምጥ ነው። ሲጠብቅ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ሲላላ ሰሚው ሰው ነው። ጋሼ ይቺን ቃል ይወዷታል። ስልክ የሚደውል አድማጭ "ይሰማል?" ሲል "አዎ፣ ይሰማል" ይሉታል፤ አላልተው። እኔን ነው እንጂ ድምፅህን አይደለም የጠየቅከው እንደማለት። ማንም ልብ አይልም። ለራሳቸው ነው የሚስቁት።

ዝግጅታቸው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ነው። "እንደምን አደራችሁ" ብለው ይጀምሩና ዝም ይላሉ። ሁለት ሰከንድ ያህል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ያ ዝምታ ልቤን ያቆመው ነበር። ሬዲዮ ላይ ዝምታ እንደ እሳት ነው የሚፈራው፤ እጄ ሙዚቃው ላይ ይሮጣል። አንድ ቀን በጣታቸው አገዱኝ። ሲወጡ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው።

"'እግዚአብሔር ይመስገን' እስኪሉ ነዋ" አሉኝ። "ሰላም ብለህ መልሱን ሳትሰማ ትሄዳለህ እንዴ?"

ከዚያ ከተማው ይጀምራል። የውኃ ፈረቃ። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላት ከያዘ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ከዜና ሁሉ በፊት የሚፈለገው ዜና ይሄ ነው፤ ዛሬ የየትኛው ሰፈር ተራ ነው? ጀሪካን የደረደረች ሴት የዓለም ዜና ምን ያደርግላታል። መብራት የሚቋረጥበት መስመር። የቅዳሜ ገበያ ዋጋ። የመተማ መንገድ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ ቆላ የሚወርዱት ሳሉጎች፣ የቀን ሠራተኞቹ፣ ብዙዎቹ ሬዲዮ በጆሯቸው ለጥፈው ነው የሚሄዱት፤ ለእነሱ የወባ ነገር ይነገራል። ከዚያ የጠፋ። የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ የትምህርት ማስረጃ፣ የጠፋ ሰው። "ዳልቻ አህያ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ማክሰኞ ከጠዳ የጠፋች።" ይሄን ሲያነቡ ድምፃቸው ከጠቅላይ ሚኒስትር ዜና አንድ ነገር አይቀንስም። እንዲያውም አህያዋ ላይ ቀስ ይላሉ።

አህያዋ ተገኘች። ባለቤትየው ተልባ በቁና ይዞ መጣ።

ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው፤ ተራራ አይዘልም። ስለዚህ ሜዳው ደምቢያ ከነቆላ ድባው ጥርት አድርጎ ይሰማናል። እዚሁ ከተማው ሥር፣ ከተረተሩ ጀርባ ጎድጎድ ያለ ቦታ ያለ ሰው ግን ሹሹታ ብቻ ነው የሚያገኘው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ከዚያ ጎድጓዳ ቦታ። ሬዲዮ ለመስማት በየጠዋቱ ዳገት ይወጡ ነበር። በመጀመሪያ እንጨት ለመልቀም መስሏቸው ነበር ልጆቻቸው። ደውለው ሲነግሩን ጋሼ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃታቸው። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፤ "እማማ፣ ዛሬ ጭቃ ነው፤ ሲወርዱ ይጠንቀቁ።" በቃ። ይህን ያሉት በቀጥታ ስርጭት ነው።

እንግዲህ ድምፃቸውን ያላወቀ የለም። ፊታቸውን ደግሞ ያወቀ የለም። ፒያሳ ፖስታ ቤቱ ጋ ቆመው ጫማ ሲያስጠርጉ ሊስትሮው የእሳቸውን ዝግጅት በስልኩ ከፍቶ "ዝም በሉ፣ እየሰማሁ ነው" ብሏቸዋል። የተቀዳ ነበር። ዝም አሉ።

ከአዘዞ በሚኒባስ ስንመለስ የሆነውን ግን አልረሳውም። የኋላ ወንበር ነን። መኪናው ጥቅጥቅ ብሏል፤ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል፤ ረዳቱ ከአንዷ ጋር በመልስ ይጨቃጨቃል። ማራኪ ስንደርስ ጋሼ ቀስ ብለው "ወራጅ አለ" አሉ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሁሉም። ረዳቱ ሳንቲሙን እንደያዘ ቀረ። "ኧረ በስመ አብ" አለች አንዲት ሴት፣ "ሬዲዮው ወረደ!"

ሒሳብ አልተቀበሉንም።

ጎንደር ለድምፅ ዕውቅና መስጠት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ነገሥታቱ ከተማዋን መናገሻ ባደረጓት ዘመን፣ ከ1628 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ፣ አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር። ጃን ተከል አደባባይ ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው "ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይላል። ጋሼ በዚያ ባለፍን ቁጥር "የኛ ጣቢያ ድሮ እዚህ ነበር" ይላሉ። ከንጉሡ ይልቅ የሚያስቡት ለነጋሪው ነው፤ ጉሮሮው ሲዘጋ ማን ይተካው ነበር? ቅጥሩ በወር ነበር በቀን? ዛሬም ያልተፈታ ጥያቄ ነው።

ደሞዙን በተመለከተ ብዙ አልልም። ትንሽ ነበር። ጣቢያው አየር ሰዓቱን በስፖንሰር ነበር የሚሸፍነው፤ ትልቁ ስፖንሰር ደግሞ ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሲወጣ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የኛ ዝግጅት ስፖንሰር አልባ ሆነ። ጋሼ በአንድ በኩል ደስ ብሏቸዋል። በጠዋት፣ ሰው ለቅዳሴ ሲሄድ "ጥም ቆራጭ" የሚል ነገር ማንበብ ያሸማቅቃቸው ነበር። በሌላ በኩል ያ ገንዘብ የትራንስፖርት አበላቸው ነበር። "ጸድቄ ደኸየሁ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስፖንሰራችን አንድ የሶፋ መሸጫ ሆነ፤ እሱም ግማሹን በዓይነት ልክፈል ይል ነበር።

አለቆቻቸው ደስ የማይል ነገር ሲያስነብቧቸውስ? አነበቡ። ጀግና አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። የሰባት ሰው እንጀራ ነበራቸው። ግን ሰዋስው የሚባል መሸሸጊያ አላቸው። ያመኑበትን ዜና "ተገለጸ" ብለው ይዘጋሉ። ያላመኑበትን "ተብሏል" ይላሉ። አዘጋጁ "ተገለጸ" ብሎ ጽፎት ቢመጣም በእስክሪብቶ ሰርዘው "ተብሏል" ያደርጉታል። አንዳንዴ "ተብሏል" ካሉ በኋላ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ዓመታት የሰማቸው ሰው ይገባዋል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሾፌሩ ለጓደኛው "ይሄ እንኳ 'ተብሏል' ነው፣ አትመን" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጥምቀትን ካላነሳሁ ቅር ይለኛል። በ2012 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ በዓሉ በዩኔስኮ ተመዝግቦ ስለነበር በዚያ ጥር ከተማው አፉን ከፍቶ ነበር። እኛም ጥር 11 ከጥምቀተ ባሕሩ በቀጥታ ልናስተላልፍ ወጣን። ገመዳችን አጭር፣ ቦታችን ከአጥሩ ሥር። ጸሎቱ አበቃ፣ ውኃው ተባረከ፣ ወጣቱ እየዘለለ መግባት ጀመረ። የሌላ ጣቢያ ጋዜጠኛ አጠገባችን ሆኖ "ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን በአሁኑ ሰዓት…" እያለ ይጮኻል። ጋሼ ማይካቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው ዝም አሉ። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ። በጆሮ ማዳመጫዬ ቧ! ቧ! ቧ! የሚል፣ እልልታ፣ ከሩቅ ከበሮ፣ አንድ ልጅ "እማዬ ቀዘቀዘኝ!" ሲል። ከዚያ ማይኩን ወደ አፋቸው መልሰው "ይኸው" አሉ። ሌላ ምንም።

በ2013 ዓ.ም ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳ ጊዜ ደግሞ፣ ኳስ የማይወዱት ሰው በማግሥቱ ዜናውን ሲያነቡ ሁለት ጊዜ "አፄዎቹ" አሏቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። እኔም ደምሴ ዳምጤን አሰብኩ። ምንም አላልኳቸውም።

ከዚያ የመጣው ጊዜ ከበደ። በ2015 ዓ.ም ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀ ሰሞን፣ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ነበር። ለቀናት ጣቢያ መድረስ አልቻልንም። መንገዱ ሲከፈት ጋሼ በዚያች ባትሪያቸው መጡ፤ እኔም መጣሁ። ሻይ አልነበረም። ፊደል አልቆጠሩም። ቀዩ መብራት በራ። "እንደምን አደራችሁ" አሉ።

ዝም አሉ። ሁለት ሰከንድ አለፈ። አምስት። አሥር። መስታወቱ ማዶ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ እጄን ከሚክሰሩ ላይ አነሳሁ። ምን ያህል እንደቆየ አልለካሁትም። በኋላ አንድ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ "የዚያን ቀን ሬዲዮው ተቋርጦ ነበር አይደል?" አለኝ። አጠገቡ የነበረች ሚስቱ "አልተቋረጠም" አለችው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆየ። አሸኛኘቱ ኬክና ጋቢ ነበር፤ ንግግሩ ረዘመ፤ እሳቸው አጭር ተናገሩ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ለቀቅኩ። አሁን ፎቶና ቪዲዮ ላይ ነኝ፤ ሰርግ አነሳለሁ።

ባለፈው አንድ ነገር ፈልጌ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ልጃቸው ልትዳር ነው፤ የአባቷን ድምፅ በሰርጓ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ ላስገባ ብዬ። የድሮ ዝግጅቶች የነበሩበት ሀርድ ዲስክ ፎርማት ተደርጓል። ቦታ ሞልቶ ነበር አሉኝ። ከዚያ በፊት ያለው ካሴት ላይ ነበር፤ ካሴቱ ላይ ደግሞ ሌላ ተቀድቶበታል። ስንት ሺህ ጠዋት። ተናደድኩ፣ ግን በማን ላይ? ያን ጊዜ ቦታ ሲሞላ ራሴም አጥፍቻለሁ። የእሳቸውንም ሳይሆን አይቀርም።

የቀረኝ በስልኬ ያለው ነው። የሞተው ሰውዬ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። ጋሼ በረንዳው ላይ፣ ያ የሞተው ሰውዬ ለአባቱ ሰባት ዓመት ያለበሳቸውን ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘመድ ሆነው ቀርተዋል፤ በአንድ ማኅበር ነው የሚጠጡት። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋቸው። አራቱንም ደቂቃ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አዳመጡ። "አሁን ለሱ አልቅሱ" የሚለው ጋ ባለቤታቸው ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

"ትንፋሼን ትሰማዋለህ?" አሉኝ። "ፈርቼ ነበር እኮ።"

"ልጅቱ ሰርግ ላይ ይሁን?" አልኳቸው።

"የሞተ ሰው ማስታወቂያ ለሰርግ?" ትንሽ አሰቡ። "ሰውዬው ራሱ ሰርጉ ላይ አለ አይደል። ይሁን።"

መደርደሪያው ላይ ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። አዲሷ ልጅ ናት። ጥሩ ናት፣ ፈጠን ትላለች፣ "እንዴት ዋላችሁ" ብላ ወዲያው ዘፈን ትለቃለች። ጋሼ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሲሉ ዘፈኑ ገብቷል። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች። የመኪና ጥሩምባ ስለሚያስቸግራቸው የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነው። "ጩኸቱ እስከ ክፍል ውስጥ ይሰማል" አለች፤ አላላችው።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ መደርደሪያው ሁለት ጣታቸውን አነሱ።